የሊፍት ቴክኒሻኑ አሜን

በጥገና ክፍሉ ውስጥ እናትና አባቱ ባወጡለት ስም የሚጠራው የለም፤ ሁሉም አሜን ነው የሚለው። የመጣውን ሁሉ አሜን ብሎ ተቀባይ ነዋ! ሹመቱን ትናንት ለተቀጠረ ሲሰጡበት እንኳን ደስ ያለህ ብሎ አረፈ። ሚስቱ አልጋውን ነፋስ የሚገባበት መስኮት ሥር ስታዞረው ካልሲ አድርጎ መተኛት ጀመረ እንጂ ቃል አልተነፈሰም።

ስሙ የወጣለት ግን በሥራው ነው። ዲያቆን የነበሩት የድሮው አለቃ አንድ ደንብ ነበራቸው፤ አንዱ የፍተሻውን ዝርዝር ያነባል፣ ሌላው ዕቃውን በእጁ ነክቶ "አሜን" ይላል።

"ካህኑ ይጸልያል፣ አሜን የሚለው ሕዝቡ ነው" ይሉ ነበር። "ትርጉሙ እውነት ነው፣ ይሁን ማለት ነው። እሺ ጌታዬ ማለት አይደለም። ሳትነካ እንዳትል!"

እሳቸው ጡረታ ወጡ፤ እሱ ለሃያ ሁለት ዓመት እየነካ አሜን አለ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከአዲሱ አለቃ ጋር የአንድ ባለ አሥር ፎቅ ሕንፃ ምድር ቤት ወረዱ። የሞተሩ ክፍል እዚያ ነው። ባለሕንፃው ሰዓቱን እያየ በሩ ላይ ቆሟል። የአሜንን ልጅ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ጸሐፊ አድርጎ የቀጠረው እሱ ነው፤ ገና ሁለት ወሯ ነው።

"ገመድ?" አለ አለቃው።

"አሜን።"

"ፍሬን?"

ሰውዬው ነካው። ሸራው አልቆ ብረቱ ወጥቷል። እንደገና ነካው።

"ፍሬን?!"

"ሸራው አልቋል።"

ባለሕንፃው ጉሮሮውን ጠረገ። "ለመሆኑ ልጅዎ ሥራው እንዴት ይዟታል?"

"ደህና ናት፣ ተመስገን" አለ ሰውዬው። ፈርቷል።

አለቃው ትንሽ አሰበና ራሱ "አሜን" ብሎ ፈረመ። በሃያ ሁለት ዓመት አንባቢው ለራሱ ሲመልስ ሰውዬው ሰምቶ አያውቅም።

ሰውዬው የሊፍቱን ዋና ማብሪያ አጠፋ፣ በቁልፍ ቆለፈው፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። አለቃውም ባለሕንፃውም እየጮኹበት ዘጠኝ ፎቅ በደረጃ ወጣ። ልጁ ከወንበሯ ተነሳች።

"አባዬ፣ ምን ሆንክ?"

ግድግዳውን ተደግፎ ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀ።

"ከሥራ አስወጥቼሻለሁ መሰለኝ፣ ልጄ" አላት። "ስትወርጂ በደረጃ ውረጂ።"