ከገጹ ጀርባ የነበረችው ልጅ

እኔ የጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴ ነኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ደብተር ሸጫለሁ፤ ስለ ደብተር አስተምርሻለሁ የሚለኝ ካለ ይምጣና ይሞክረኝ። ያንን ባለቀለበት ደብተር ለእህቴ የሰጠኋትም እኔው ነኝ። ማን አስገደደኝ? ማንም! ምላሴን ይቁረጠውና፣ አንድ ወር ሙሉ ነዝንዤ ነው ያስያዝኳት።

እህቴ በሰባት ዓመት ትበልጠኛለች። እታለም ነው የምላት። በአንድ መዋዕለ ሕፃናት ምግብ ማብሰል ከጀመረች ሃያ ስድስት ዓመት ሆናት። ጭልፋ ከእጇ ስለማይለይ ልጆቹ "እማማ ጭልፋ" ይሏታል። የራሷ ልጅ የላትም። "አንቺማ በየዓመቱ ያለ ምጥ አርባ ትወልጃለሽ" ስላት ትስቃለች።

ከልጆቹ መሃል እንቁላል የማይስማማው አለ፣ ወተት የሚያስታውከው አለ። እነዚህን ሁሉ በአንድ ጥራዝ ደብተር ላይ ትጽፍ ነበር። ስም ተሰርዞ ስም ተጨምሮ፣ በጠርዙ ተጽፎ፣ ቀስት ተሰምሮበት፣ ከሷ በቀር የሚያነበው አልነበረም።

"እታለም፣ ይሄ ደብተር ነው ወይስ ዶሮ የጫረችው መሬት?" እላታለሁ።

"ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ተይኝ እስቲ!" ትለኛለች።

አምና ግን መርሳት ጀመረች። መጀመሪያ ቁልፏን፣ ከዚያ የጎረቤቷን ስም። አንድ ቀን ከሥራ ስትወጣ ሱቄ መጥታ በርጩማው ላይ ቁጭ አለች፤ ሽርጧን እንኳ አልፈታችም።

"ፈራሁ" አለችኝ። "አንድ ቀን አንዱን ልጅ ብረሳውስ? እነሱ እኮ የሰጠኋቸውን ነው የሚበሉት።"

እታለም ፈራሁ ስትል ሰምቼ አላውቅም። ባለቀለበቱን ደብተር ከመደርደሪያ አውርጄ ጉልበቷ ላይ አስቀመጥኩላት። ቀለበቱን ከፈት፣ የወረቀቱን ቅጠል ነቀል፣ ካሻሽ ቦታ ሰካ፣ ከዚያ ጠቅ! ልጆቹን በአቀማመጣቸው ተራ ትደረድሪያቸዋለሽ፤ አዲስ ሲመጣ ትጨምሪያለሽ፤ የሄደውን ወደ ኋላ ትወስጂዋለሽ። ስርዝ ድልዝ የለ፣ ቀስት የለ። ቅጠሉ ሲያልቅ መሙያውን ብቻ ትገዣለሽ፣ ሽፋኑ ዕድሜ ልክ ያገለግልሻል። እሺ እስክትለኝ አንድ ወር ሙሉ ይህንኑ ደጋገምኩላት። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ዛሬም አላጥፈውም። አንድ ነገር ብቻ አልነገርኳትም። ቅጠል ሁለት ፊት አለው። ይሄ ደግሞ ይነገራል እንዴ?

ደንቧ እንዲህ ነበር፤ የማይስማማው ነገር ያለ ልጅ ገጽ አለው፣ ገጽ የሌለው ልጅ የቀረበለትን ይበላል። ደብተሩን ከያዘች ወዲህ ፊቷ ፈካ። እንደ ድሮው ሁሉንም በልቧ መያዟን ተወች፤ ደብተሩ ያውቅልኛል አለች። እኔም ምክሬ ሠራ ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

አንድ ሐሙስ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ መሙያ ቅጠል ይዤላት ሄድኩ። ሐሙስ ከሾርባው ጋር የኦቾሎኒ ቅቤ የተቀባ ዳቦ የሚቀርብበት ቀን ነው። ሳህኖቹ ወጥተው አልቀዋል። እሷ ባዶውን ጣሳ እየፋቀች ነው። እኔ ቀለበቱን ከፍቼ አዲሱን ቅጠል ስሰካ፣ መጨረሻ ላይ "የሄዱ" ከሚለው ክፍል የአንድ ልጅ ገጽ አየሁ። ጮሌው ትለው የነበረ፣ ቤተሰቦቹ ሌላ ከተማ የገቡ ልጅ ነው። ቅጠሉን ገለበጥኩት።

"አይ እታለም! በጀርባውም ጻፍሽ? ስስታም!"

"ወረቀት ይባክን እንዴ?" አለች፣ ዞር ሳትል።

ጀርባው በቀይ ተጽፏል፤ ጮክ ብዬ አነበብኩት። "ዝምተኛዋ። ኦቾሎኒ በአፏ እንዳይዞር። ጉሮሮዋ ያብጣል። ሲያብጥ የምትወጋው መርፌ የዳይሬክተሯ መሳቢያ ውስጥ ነው።"

"ይቺም ሄዳለች?" አልኳት።

ጣሳው ከእጇ ወደቀ።

ዝምተኛዋ አልሄደችም። አራት ዓመቷ ነው፤ ታማ ስድስት ሳምንት ቀርታ ያን ዕለት ጠዋት ነው የተመለሰችው። እናቷ በር ላይ "እማማ፣ እንደ በፊቱ ነው" ብላታለች። እታለምም "እንደ በፊቱ ነው" ብላ ሸኝታታለች። ከዚያ ደብተሩን ከፈተች፤ የልጅቷ ቦታ ላይ ገጽ የለም፤ እንደ ደንቧ ዳቦውን አወጣችላት። በሕመሟ ሰሞን ጮሌው ወደ ኋላ ሲወሰድ ዝምተኛዋን ከጀርባው አዝሎ ሄዷል። የጥራዝ ደብተር ቢሆን፣ ያ ዶሮ የጫረችው፣ እዚያው ቦታዋ ላይ ትገኝ ነበር።

ሮጥን። ኮሪደሩ አላልቅ አለኝ። የልጆቹ ድምፅ ከመመገቢያው ክፍል ይሰማል፤ እኔ ግን ጩኸት ይሆን ሳቅ መለየት አቃተኝ። ገባን። አርባ ትንንሽ ወንበር። መስኮቱ ጥግ ያለው አንዱ ባዶ ነው። ሳህኑም ባዶ፣ ፍርፋሪ እንኳ የለበትም።

"በልታዋለች" አለች እታለም። ድምፅዋ የሷ አልነበረም። "ገደልኳት።"

"ዝም በይ!" ጮህኩባት። በሕይወቴ ጮኼባት አላውቅም።

ልጆቹን ገና ያልለመደችው አዲሷ መምህርት ደነገጠች፤ "አሁን እዚህ ነበረች፣ እጇን ልትታጠብ ይሆናል" አለች። መርፌውን እንድታመጣ አስሮጥኳት። እኛ ወደ መታጠቢያው ሮጥን። ቧንቧው ክፍት ነው፣ ሰው የለም። እታለም የሽንት ቤቶቹን በር አንድ በአንድ ከፈተች፤ እኔ ከኋላዋ ቆሜ፣ አምላኬ፣ ወድቃ እንዳናገኛት፣ እላለሁ። ደብተሩን አቅፌው ነበር፤ ማስቀመጡን እንኳ ረስቻለሁ።

ያገኘናት በኩሽናው የኋላ በር ነው። ደረጃው ላይ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። እታለም መሬት ላይ ተንበርክካ የልጅቷን ከንፈር ዳሰሰች፣ አፏን ከፈተች፣ ትንፋሿን አዳመጠች።

"በላሽ? የኔ እናት፣ ዳቦውን በላሽ?"

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። አልበላችም።

"ማን በላው ታዲያ?"

"አጠገቤ ያለው ልጅ። ሰጠሁት።"

"እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?" አልኳት እኔ።

"የኔን እየጠበቅኩ ነው" አለች። "እማማ ጭልፋ የኔን ለብቻው ነው የምታመጣልኝ። ዛሬ ቆየች።"

እታለም እዚያው ሲሚንቶው ላይ ተዘርግታ አለቀሰች። መምህርቷ መርፌውን ይዛ ስትደርስ ልጅቷ የእህቴን ሻሽ ታስተካክል ነበር።

ማንም ሳይጠይቃት ለዳይሬክተሯም ለእናቲቱም እታለም ራሷ ነገረቻቸው። እናቲቱ የልጇን ሹራብ ስትቆልፍ አንዱን ቁልፍ ሦስት ጊዜ ሳተችው። ዳይሬክተሯ ደግሞ ከእንግዲህ የእናቲቱ ፈቃድ ሳይኖር እታለም ሳህን እንዳታወጣ አዘዘች። ሰኞ ጠዋት እናቲቱ መጣችና "ልጄ ሌላ ሰው ያቀረበላትን አልበላም ብላለች" አለች። እገዳው በዚሁ ቀረ።

እታለም ደብተሩን ልትመልስልኝ ሱቄ መጣች።

"ወረቀቱ ለቀቀኝ" አለች። "ያልለቀቀችኝ ልጅቷ ናት።"

አልተቀበልኳትም። ጥፋቱ የደብተሩ ብቻ አይደለም፤ የኔም ነው፣ የሷም ነው። ቁጭ ብለን እያንዳንዱን ልጅ በየራሱ ቅጠል ላይ ገለበጥን፣ ጀርባውን ሁሉ በቀይ ሰረዝንበት። ዛሬ ባለቀለበት ደብተር የሚገዛኝን ሁሉ "በጀርባው አትጻፍ" እላለሁ። ይስቁብኛል። ይሳቁ።

እታለም ግን ደብተሩን ብቻ ማመን ትታለች። በቀጣዩ ሐሙስ ከማንም በፊት አንድ ሳህን፣ ማር የተቀባ ዳቦ፣ በሁለት እጇ ይዛ ወጣች። እኔ በር ላይ ቆሜ አያታለሁ። መስኮቱ ጥግ ደርሳ አስቀመጠችላት።

ዝምተኛዋ ቀና ብላ አየቻት።

"ዛሬ ቶሎ መጣሽ" አለቻት።