ማተብ ያሰሩ ኮምፒውተሮች

ሐይቁ ዳር ባለችው ከተማችን፣ ግሽ አባይ ሰፈር፣ የሞተ ኮምፒውተር በመፈልቀቅ ከኪዳነ ወልድ የሚስተካከል የለም። አለ የሚል ይምጣና ይሟገተኝ፤ እንኳን የሰፈሩን ሰው የሐይቁን ቀረሶ ዓሣ በስም እየጠራሁ ነው ያረጀሁት። አባቱ መሪጌታ ጥዑመ ልሳን ደሴት ላይ ዜማ ያስተማሩ፣ ድምፃቸው ውኃ ተሻግሮ የሚሰማ ሰው ነበሩ። ያኔ ታንኳው ሁሉ የደንገል ነው። ዛሬማ እንቦጩ... ተዉት፣ የእንቦጭ ነገር ከተነሣ ይመሽብናል። ልጃቸው ዜማው አልገባ ብሎት ከተማ ወጣና ቁራሌው ሆነ። ከአባቱ የወረሰው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ማተብ ያሰረ ሰው ቃሉን አያጥፍም።

ሥራው ከየቢሮው የተጣለ ኮምፒውተር እየሰበሰበ በመዶሻ መፈልቀቅ፣ ሽቦውን ሐይቁ ዳር ማቃጠል ነበር። ላስቲኩ ነዶ ሲያልቅ መዳቡ ይቀራል፤ ገዥውም የተራቆተ መዳብ እንጂ ሌላ አይፈልግም። ያ ጥቁር ጭስ ነው የሚስቱን የሸጊቱን ደረት የያዘው። ሸጊቱ የማክሰኝት ልጅ ናት፤ ስትስቅ ገበያው ዞሮ ያያት ነበር። ሠርጓ ላይ ነበርሁ፤ የኔን እስክስታ ያየ ሁሉ ሙሽራውን ረስቶት ዋለ። ያ ሳቅ ሳል ሆነ። ያን ጊዜ ኪዳነ ወልድ አንገቱ ላይ ያለውን ክር ይዞ፣ "በማተቤ፣ ሁለተኛ አላቃጥልም" ብሎ ማለላት። ከዚያ ወዲያ ሽቦውን በቢላ ይልጥ ጀመር፤ ጣቱ እየደማ።

ወንጌላዊት የምትባል የኮሌጅ አስተማሪ አለች፤ አሮጌ ኮምፒውተር የምታወጣለት እሷ ናት። አንድ ቀን አንዱ ላይ የተለጠፈች አረንጓዴ ቅጠል አሳየችው።

"ጋሼ ኪዳነ፣ ይሄ ምልክት ያለበት እንደሌላው አይደለም። ሲሠራ መርዙ ተቀንሶለታል። ሠሪውም አገልግሎቱ ሲያልቅ መልሼ እወስደዋለሁ ብሎ ቃል ገብቶበታል።"

"ቃል?"

"አዎ።"

"እንግዲያ ማተብ አስሯል በይኛ!"

እሷ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባለቅጠሉን መዶሻ አላስነካውም። አቧራውን እየጠረገ ቤት ያስገባል። የሰው አደራ ይሰበራል እንዴ? ባለቤቱ መጥቶ ተፈልቅቆ ቢያገኘው ምን ይለዋል?

ቤቱ ደግሞ አንዲት ክፍል ናት። መጀመሪያ ጥጉ ሞላ፣ ቀጥሎ አልጋው ተነሥቶ ፍራሹ በር ሥር ተነጠፈ። ሸጊቱ አንድ ማለዳ ሳሏ ፋታ ሲሰጣት፣

"ኪዳኔ፣ ሰውዬው መቼ ነው የሚመጣው?" አለችው።

"የቱ ሰውዬ?"

"የኮምፒውተሮችህ አባት ነዋ!"

"ይመጣል። ቃል ገብቷል።"

"ጌታም ይመጣል ተብሏል፤ እስከዚያ እኔ የት ልተኛ? ሐኪሙ አቧራ ራቂ አለኝ፣ አንተ ከአቧራ ጋር አጋባኸኝ። ወይ እነሱ ይውጡ፣ ወይ እኔ ክረምቱ ሳይገባ እኅቴ ዘንድ ማክሰኝት እሄዳለሁ።"

ወንጌላዊት ዘንድ ሄዶ ለሠሪው ጻፊልኝ አላት። ጻፈችለት። መልሱ በስልኳ ሲመጣ ሁለቴ አነበበችው።

"ምን አሉ?"

"አመስግነውዎታል፣ ጋሼ።"

"ምስጋናውን ተይው። መቼ ይመጣሉ?"

"አይመጡም። መልሰን የምንወስደው በሸጥንበት አገር ነው፣ እናንተ ዘንድ ወኪል የለንም ነው የሚሉት። ለኛ የመጣው አርጅቶ፣ በርዳታ ነው።"

"ቃሉስ?"

"ቃሉማ አለ። ለኛ አይደለም እንጂ። እኔ ነኝ ያሳሳትሁዎት፣ ይቅር ይበሉኝ።"

"ቅጠሉ እኮ እዚህም አረንጓዴ ነው" አለ ኪዳነ ወልድ።

የቆሻሻ መኪናውን ለመነ፤ ይሄን አንጭንም አሉት። መዳብ ገዥውን ለመነ፤ "ሬሳ አልገዛም፣ አቃጥለህ መዳቡን አምጣ" አለው። ሰማዩ ጠቁሯል። ሸጊቱ ልብሷን ማጠፍ ጀምራለች።

በጋሪ ጭኖ ሐይቁ ዳር አወረዳቸው። ክርስቲያን ከነማተቡ ነው የሚቀበር። እሱ ግን ከነማተባቸው ሊያቃጥላቸው አልሆነለትም፤ ቅጠሎቹን በጥፍሩ እየላጠ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ለኮሳቸው። መርዙ ተቀንሶለታል የተባለው ጭስ ከሌላው ጭስ በምን ያንሳል? እንደውም ባሰ። ነፋሱን ደግሞ እኔን ጠይቁኝ፤ ፊደል ባልቆጥር ጣቴን ምራቅ አስነክቼ ዝናቡ ከየት እንደሚመጣ እናገራለሁ። የዚያን ቀን ከሐይቁ ወደ ከተማው ነበር የሚነፍሰው። ጭሱ አስፋልቱን ተሻግሮ ግሽ አባይ ገባ።

ኪዳነ ወልድ ጋሪውን እየገፋ ሲመለስ ከሩቅ ነው የተጣራ።

"ሸጊቱ! ቤቱ ባዶ ሆነልሽ!"

ሸጊቱ በነጠላዋ አፏን ይዛ፣ ሻንጣዋን እግሯ ሥር አቁማ በር ላይ ነበረች። እስክትናገር ብዙ ሳለች።

"በማተቤ ብለኸኝ አልነበር?"

እጁ ወደ አንገቱ ሄደና ሳይደርስ ቆመ።

"አንቺ ይውጡ ስላልሽ ነው እኮ።"

"ይውጡ አልሁ እንጂ ደረቴ ይግቡ አልሁ?"

ባጃጁ መጣ። ሻንጣውን እሱ ጫነላት፤ ደኅና ሁን አላለችውም፣ ትንፋሽም አልነበራት።

ክረምቱ ገባ፤ ከማክሰኝት ደህና ነኝ የሚል ቃል እንኳ አልመጣም። ኮሌጁ ሌላ ጭነት በጋሪ ሲልክ ባለጋሪው የኪዳነ ወልድን አመል ያውቃልና፣

"ጋሼ፣ ባለቅጠል አለበት። ቤት ላስገባው?" አለ።

ኪዳነ ወልድ ዘወር ብሎ ቤቱን አየ። አልጋው ቦታው ተመልሶ ለሁለት ሰው ተነጥፏል።

"ቤት ምን ያደርጋል" አለ። "ሐይቁ ዳር አራግፈው።"