የጋሽ ታደለ ላባ እና የእኔ ሪፖርት

ባለፈው እሁድ አመሻሽ ላይ ከጂንካ ከፍ ብላ ካለች ምንጭ ዳር ከጋሽ ታደለ ጋር ተቀምጠን ውኃውን እናያለን። እሳቸው ተቀይመውኛል... እኔ አፍሬአለሁ።

ከሥሩ ልንገራችሁ።

አምና በዓሣ ሀብት ተመርቄ ወረዳው ሲቀጥረኝ አገር የምለውጥ ነበር የመሰለኝ። «ሞተሩ ነዳጅ የለውም» ሲሉኝ በእግሬ ገጠር ለገጠር እዞር ነበር። ጋሽ ታደለን ያገኘኋቸው እንዲህ ስዞር ነው። እንሰትና ቡና አላቸው፤ ልባቸው ግን ከምንጯ የሚወርደው ጅረት ላይ ነው።

መንጠቆአቸው ላይ ትል የለም! ከአውራ ዶሯቸው አንገት የነቀሏትን ግራጫ ላባ በክር ጠምጥመው በራሪ ነፍሳት አስመስለዋታል።

«ዓሣ ላባ ይበላል እንዴ ጋሼ?» ብዬ ሳቅሁ።

«ባለሙያው! አንተ ወረቀቱን ተምረሃል፤ አሁን ዝም ብለህ እይ።»

ዝናቡ ገና መጀመሩ ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ባለስስ ክንፍ ነፍሳት ከውኃው እየወጡ አየሩን ሞሉት። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ስማቸውን በእንግሊዝኛ ሸምድጄ ፈተና ላይ ጽፌአለሁ። ክንፍ ካወጡ በኋላ ብዙዎቹ አንድ ቀን እንኳ እንደማይቆዩም አውቃለሁ። በዓይኔ ሳያቸው ግን የመጀመሪያዬ ነው... ከዚያ ዓሦቹ! ቧ... ቧ... እየዘለሉ ይለቅሟቸው ጀመር።

ጋሽ ታደለ ላባዋን ውኃው ላይ ቀስ አድርገው አሳረፏት። ወዲያው ተነከሰች። ያወጧትን ዓሣ ሆዷን ዳሰሱና መልሰው ለቀቋት።

«ምነው?»

«እርጉዝ ናት። ወደዚህ የወጣችው ለመውለድ ነው፤ እንግዳ ይታረዳል?»

ከዚያ ሁለት ይዘው ክራቸውን ጠቀለሉ።

«ኧረ ጋሼ፣ ገና እየዘለሉ እኮ ነው!»

«ቤቴ ያለው ድስት አንድ ነው።»

በማግስቱ ቢሮ ገብቼ «ምርጥ ተሞክሮ» በሚል ርእስ ሪፖርት ጻፍኩ። ቦታውን፣ ወሩን፣ ዓሦቹ ተሰብስበው የሚወጡበትን ሰዓት ሳይቀር። ስብሰባ ላይ ተነበበ። ኃላፊዬ «ባለሙያ ማለት እንዲህ ነው!» አሉ፤ ተጨበጨበልኝ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ዘንድሮ ዝናቡ ሲገባ እኔ ለሥልጠና ሌላ ከተማ ነበርኩ። ስመለስ ሰማሁ። በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች ከወረዳው መረብ ተሰጥቷቸው ምንጯ ድረስ ወጥተዋል። ሳምንቱን ሙሉ ጅረቷን ከዳር እስከ ዳር ዘግተው አጥምደዋል። ልጆቹም አይፈረድባቸውም፤ በእጃቸው የያዙት የእኔን ሪፖርት ነው።

«ሰዓቱን እንኳ አልሳቱም፤» አሉኝ ጋሽ ታደለ፣ እሁድ ዕለት ፊታቸውን ሳያዞሩ።

ፀሐይ አዘቀዘቀች። ነፍሳቱ እንደ አምናው ወጡ፣ አየሩን ሞሉት፣ ደክሟቸው ውኃው ላይ ወደቁ። ጠበቅን... አንድም ቧ የሚል የለም። የሚለቅማቸው ጠፍቶ ውኃው እንዲሁ ይዟቸው ወረደ።

«ምን ብለህ ነው የጻፍክላቸው?» አሉኝ።

«ጥሩ ሥራ ነው ብዬ... እርስዎን አመስግኜ...»

«የለቀቅኋትንስ ጽፈሃል?»

ራሴን በአሉታ ነቀነቅሁ። የሪፖርቱ ቅጽ ላይ «የተያዘ ዓሣ ብዛት» የሚል ዓምድ አለ። የተለቀቀ የሚል የለም። ዓምድ ስለሌለው... አልጻፍኩትም።

ጋሽ ታደለ አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ላባዋን ከመንጠቆው ፈትተው ኪሳቸው ከተቱና «በል እንሂድ፣ ይመሻል፤» አሉኝ።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ገብቼ ቅጹ ጠርዝ ላይ በእስክሪብቶ አንድ ዓምድ አሰመርኩ፤ «ወደ ውኃ የተመለሰ» የሚል። ዓምድ ተገኘ... አሁን የጠፋው ዓሣው ነው።