ጀርባ ሰጥቶ የመጫወት ሕግ

ቤቴ ውስጥ ጌም የሚጫወት ሰው ተራው እስኪደርስ በረንዳ ላይ ወጥቶ ጀርባውን ለሳሎኑ ይሰጣል። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ አላፍርበትም። ዞሮ የሌላውን ያየ ሰው፣ በስሕተትም ይሁን በተንኮል፣ የሚቀጥለው ተራው ያልፈዋል። ይግባኝ የለም።

ሕጉ ያስፈለገው አንድ ላፕቶፕና አንድ ወንበር ይዘን አራት ነገሥታት ስለሆንን ነው። ጌሙ የስትራቴጂ ጌም ነው። እያንዳንዱ ሰው መንግሥት ይይዛል፣ ከተማ ይቆረቁራል፣ ግብር ይሰበስባል፣ መርከብ ያሠራል፣ አቅም ሲያገኝ ጎረቤቱን ይወራል። ሁሉም በየተራ ነው። አንዱ ሥራውን ጨርሶ ሲነሣ ቀጣዩ ጠላቱ ያሞቀው ወንበር ላይ ይቀመጣል። የቀሩት ሦስቱ በረንዳው ላይ ቆመው የሰፈራችንን የማዓላን መንገድ ያያሉ። ለመስረቅ አንገትን ማዞር ብቻ ይበቃል። አንገቱን የሚያዞር ግን የለም።

አራቱን ላስተዋውቃችሁ። አንዱ እኔ ነኝ፤ ዕድሜዬን ወደብ ውስጥ ክሬን ስጠግን የኖርኩ፣ ትምህርት ቤት እምብዛም ያልቆየሁ፣ እንግሊዝኛንም ከማሽን መጻሕፍት ሥዕሉን እያየሁ የለቀምኩ ሰው። ሁለተኛዋ ልጄ ናት፤ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፣ ላፕቶፑም የእሷ ነው። ሦስተኛው ምድር ቤት ያለው ልብስ ሰፊ ጎረቤታችን ነው፤ የአገሩ ተወላጅ የመናዊ ነው፣ ሐጂ እንለዋለን። ከእኛ ጋር ብዙ ከመኖሩ የተነሣ አማርኛ ስድብ ከልጄ ይበልጥ ያውቃል። አራተኛው ተዋሂ የሚባለው ሰፈር ውስጥ ስልክ የሚሸጥ የአገራችን ወጣት ነው። ኢንተርኔት ላይ የዚህን ጌም አፍቃሪዎች ወሬ ቀን ከሌት የሚከታተለው እሱ ነው። የምንሰበሰበው ዓርብ ከምሳ በኋላ፣ የከተማው ወንድ ሁሉ ጫቱን ይዞ ጥግ ሲይዝ ነው። ሐጂ የጫት ከረጢቱን በረንዳ ላይ ትቶ እንዲገባ አድርጌያለሁ፤ ጉንጩ ውስጥ ያለውን ግን ላስተፋው አልቻልኩም።

አንዳንድ የማውቃቸው ወላጆች ከቅዳሴ ስንወጣ ይገሥጹኛል። በዚህ ዕድሜህ ከልጅ ጋር ጌም? ይሉኛል። የምመልሰው አንድ ነው። ልጄ ስትጀምረው ልከለክላት ከጎኗ ተቀመጥኩ። አየሁት። በጥጋብ ጊዜ ያላጠራቀመ በድርቅ ያልቃል። ቃሉን ያጠፈ ንጉሥ ሲጨንቀው የሚደርስለት የለም። በቁጣ ጦር ያዘመተ ባዶ ግምጃ ቤት ታቅፎ ይቀራል። እኔ በንግግር ላስተምራት ስደክም የኖርኩትን ጌሙ ያለ ጩኸት ያስተምራታል። ታዲያ ለምን እከለክላለሁ? ወንበር አምጡልኝ አልኩ።

ወሬው የመጣው ሐጂ ተራውን ሲጫወት፣ እኛ በረንዳ ላይ ሆነን ነው።

«ጋሼ፣ አልቆለታል» አለኝ ወጣቱ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ።

«ማን ነው ያለቀለት?»

«ጌማችን። ማስፋፊያ ሊወጣለት ነው።»

«ከሰፋ ምኑ አለቀ?»

«እሱ ላይ ነው ጭቅጭቁ። አፍቃሪው ሁሉ እየተንጫጫ ነው። አዳዲሶቹን መንግሥታት አንድ በአንድ እየቆረጡ ሊሸጡልን ነው። ኮምፒውተሩ የሚያንቀሳቅሳቸው ነገሥታት እንደ ድሮው ደደብ ናቸው፤ ማንም አላስተካከላቸውም። ግማሹ የጌሙ ሠራተኛ ተባሯል ይላሉ። ቀጣዩ ክፍል ደግሞ ለስልክ ብቻ ነው የሚሠራው የሚሉም አሉ።»

«ይላሉ፣ ይላሉ። ኩባንያው ራሱ ምን አለ?»

የመለሰችልኝ ልጄ ናት።

«ባንድ ወንበር መጫወት ይቀራል አለ፣ አባዬ። ማስፋፊያው ከገባ በኋላ እያንዳንዱ ሰው በየራሱ ማሽን፣ በኢንተርኔት ብቻ ነው።»

ያኔ ደሜ ፈላ። ወደ መንገዱ ማዶ ጠቆምኳቸው። እዚያ አንድ ሕንፃ አለ፤ ባለቤቱ የታችኛው ቤት ቧንቧ እየፈሰሰ፣ ግድግዳው እየተሰነጠቀ፣ ላዩ ላይ ፎቅ ይጨምራል። «ማስፋፊያ ማለት ይኸው ነው» አልኩ። «የፈሰሰውን ሳይደፍኑ ጣሪያ ላይ መውጣት። ሲጨምሩ ደግሞ የታችኛውን ነዋሪ በር ይዘጉበታል።»

«ጋሼ፣ ዘመኑ ነዋ! ካልተከተሉት ጥሎ ይሄዳል።»

«ዘመኑ እዚህ ቤት የማይቆራረጥ መብራት ያስገባልኝና ያኔ እከተለዋለሁ።»

«ወላሂ፣ ኡስታ ዛሬ ተነሥቶበታል!» አለ ሐጂ ከውስጥ እየሳቀ። እሱ ኡስታ ነው የሚለኝ፤ የእጅ ሙያተኛ በዚህ አገር የሚጠራበት ነው።

የፈራሁትን በግልጽ ልናገር። ለኩባንያው አልፈራሁም። ይክበር ይክሰር፣ አላውቀውም። የፈራሁት ለዓርባችን ነው። በዚህ ከተማ ሰው ሰው ቤት የሚሄድበት ምክንያት እያነሰ መጥቷል። የልጄ ጓደኞች አንድ በአንድ አገር ለቅቀዋል። ሐጂ ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ከሱቁ ሌላ መድረሻ የለውም። ወጣቱም ቢሆን ባዶ ክፍል ነው የሚጠብቀው። ያ ወንበር ከተነሣ እያንዳንዳችን በየክፍላችን ከማናየው ሰው ጋር ስንዋጋ ልንውል ነው፤ እሱም ኔትወርክ ከተገኘ። ከሩቅ የምትወጋው ሰው እንዴት ዋልክ አይልህም። ደረጃ ሲወጣ ትንፋሹ ሲቆራረጥ አትሰማም።

ስለዚህ ሁለተኛ ሕግ አወጣሁ። ላፕቶፑ ኢንተርኔት አይነካም። የያዝነውን ጌም እንዳለ እንይዘዋለን። ወጣቱ አጉረመረመ፣ ልጄ ግን ተስማማች፤ ማስፋፊያውም ወጣ፣ እኛም ከነድሮው ጌማችን ቀጠልን። ከረመዳን በፊት የጀመርነው ጦርነት ነበረን፤ ማን እንደሚያሸንፍ ገና አልለየም።

ችግሩ የመጣው ከራሳችን ሕግ ነው።

አንድ ዓርብ ወጣቱ ተራው ላይ ነበር። እኛ ሦስታችን እንደ ወትሮው ጀርባችንን ሰጥተን ቆመናል። ቆየ። ሐጂ «መንግሥት ነው ወይስ ሱፍ ነው የምታሰፋው?» ብሎ ጮኸበት። በኋላ እንደነገረን ያን ጊዜ በሰፊው ስክሪን ለማንበብ ብሎ ላፕቶፑን ከስልኩ ኢንተርኔት ጋር አገናኝቶ አፍቃሪዎቹ ስለ ማስፋፊያው የሚሰዳደቡትን እያነበበ ነበር። ሲጨርስ ገጹን ዘጋ፣ ኢንተርኔቱን ግን ማቋረጡን ረሳ፤ ተነሥቶ ወደ እኛ መጣ። እኛ ብናይ ኖሮ እናስቆመው ነበር። ግን ማየት ክልክል ነው።

ቀጥሎ ሐጂ ተቀመጠ። ሐጂ እንግሊዝኛ አያነብም። ተራውን የሚጨርሰው በቀኝ በኩል ያለችውን አረንጓዴ ምልክት ተጭኖ ነው። ያን ቀን አንድ ሳጥን ስክሪኑ መሐል ላይ ብቅ አለ፤ በቀኙ በኩል አረንጓዴ ምልክት አለው። ተጫናት።

«ያ ጀማዓ፣ እናንተ ሰዎች!» ሲል ሰማነው። «መንግሥቴ ጠፋ!»

ሮጠን ገባን። ጌሙ ተዘግቷል። በምትኩ አንድ ሰማያዊ መስመር በዝግታ ወደ ቀኝ እየሞላ ነው። ልጄ አነበበችው። «ማስፋፊያውን እየጫነው ነው» አለች።

«አቁሙት!» አልኩ።

«ቆይ ጋሼ፣ መሐል ላይ ከተቋረጠ የድሮውም ላይከፈት ይችላል» አለ ወጣቱ። ስልኩ እጁ ላይ ነው። «ይጨርስ። ቢያንስ አዲሱ ይኖረናል።»

«አዲሱ አንድ ወንበር አያውቅም! ምን ያደርግልኛል?»

ወጣቱ እኔን አየ፣ ሐጂን አየ፣ ስልኩን ግን አልዘጋውም። ልጄ ስልኩን ከእጁ ወስዳ ዘጋችው። መስመሩ ቆመ። ጌሙን ከፈተችው፤ አልከፈትም አለ። ደገመችው። አንድ ሐረግ ጽፎ ዝም አለ።

«ፋይሎቹ ጎድለዋል ይላል» አለች። «የድሮውን እንደገና እንዳናወርደው ደግሞ ኩባንያው ማስፋፊያው ሲወጣ ዘግቶታል።»

ሐጂ ጉንጩ ላይ ያለውን ጫት እንኳን ማላመጥ ተወ። «እኔ ነኝ» አለ። «እኔ ነኝ የተጫንኩት።»

«የለም፣ እኔ ነኝ ከፍቼ የሄድኩት» አለ ወጣቱ።

ሁለቱንም ልወርድባቸው አፌን ስከፍት ልጄ ቀደመችኝ።

«አባዬ፣ ዛሬ ተወው። ሐጂ፣ ስንት ከተማ ነበረህ?»

«እ?»

«ተቀመጥና ንገረኝ። ስንት ከተማ፣ ስንት መርከብ፣ የት የት?»

ሐጂ ብድግ ብሎ ደረጃውን ወረደ። የተናደደ መሰለኝ። ሲመለስ በአንድ እጁ ለኮት ገበር የሚሆን ጥቁር ጨርቅ፣ በሌላው የሱቁን ጠመኔና ቆርቆሮ ሙሉ የልብስ ቁልፍ ይዟል። ጨርቁን ሳሎኑ ወለል ላይ ዘረጋው፤ ሱሪ ለመቁረጥ እንደሚያሰምረው አድርጎ የባሕሩን ዳር አሰመረ። «ኩባንያው ይህን ይዝጋው እስቲ» አለ።

ተንበርክከን ጀመርን። ጨርቁ ላይ በጠመኔ የተሠራው ክብ ከተማ፣ ቁልፉ ጦር፣ የተደፋው ስኒ ደግሞ የተደበቀ ኃይል ሆነ። ግን እዚህ ላይ አንድ ነገር ገባን። በሕጋችን መሠረት ማንም የሌላውን አይቶ አያውቅም። የሐጂ ግምጃ ቤት ውስጥ ምን እንዳለ ከሐጂ በቀር ምስክር የለም። እሱ ወርቅ ሞልቶልኛል ቢል ማን ይክደዋል? ማሽኑ የያዘልንን እውነት አሁን እያንዳንዱ በአፉ ሊናገር ነው።

ሐጂ ተናገረ። ግምጃ ቤቱ ባዶ ነበር። ስንት ዓርብ ሙሉ ሀብታም መስሎ ያስፈራራን ሰውዬ!

እኔም ያለኝን ተናገርኩ፤ ምሥራቃዊው ወደቤ ጠባቂ እንደሌለው ጭምር።

ወጣቱ ተራው ሲደርስ ጠመኔውን እያሻሸ ቆየ። «ጋሼ፣ አይቆጡ» አለና ሁሉንም ነጫጭ ቁልፎች ሰብስቦ ምሥራቃዊው ወደቤ ደጃፍ ላይ ደረደራቸው። «መርከቦቼ በሙሉ እዚህ ናቸው። በሚቀጥለው ተራዬ ልይዝልዎት ነበር።»

«እዚያው ወደቤ ላይ? ባለፈው ሳምንት ቤቴ ምሳ በልተህ?»

«ሽሮው ግሩም ነበር፣ ጋሼ።»

ሐጂ በሳቅ ወደ ኋላው ወደቀ። ወደ ልጄ ዞር ስል ጨርቁን እንጂ እኔን አታይም። ያን አስተያየት ከሕፃንነቷ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

«አንቺስ?»

«እኔም... ወታደሮቼ ከኋላህ ተራራው ላይ ናቸው። ከእሱ ጋር ውል አለን። ሰሜኑ ለእኔ፣ ወደቡ ለእሱ።»

የወለድኳት ልጅ! ተናደድኩ፤ በዚያው ቅጽበት ግን ኮራሁባት። መደበቅ ትችል ነበር። አንድ ቃል ባትተነፍስ ማንም አያውቅባትም፤ ድሉም የእሷ ነበር። ሁለቱም እውነቱን ሲናገሩ የስንት ወር ድካማቸውን አፈሰሱት፤ አሁን ተራው የእኔ ነው፣ ወጥመዳቸውንም አይቼዋለሁ። ጦሬን ወደ ምሥራቅ አዙሬ መርከቦቹን ማቃጠል እችላለሁ።

እጄን ወደ ቁልፎቼ ሰደድኩ። ከዚያ መለስኩት።

«ምነው ኡስታ?» አለ ሐጂ።

«አይቻለሁ» አልኩ። «ያየ ሰው ተራው ያልፈዋል።»

«አባዬ፣ ይሄ እኮ ሌላ ነው፤ እኛ ነን የነገርንህ!»

«በስሕተትም ይሁን በተንኮል ነው የሚለው ሕጉ። ይግባኝ የለም።»

ወገቤን ይዤ ተነሣሁና በረንዳው ላይ ወጣሁ። ማዶ ባለው ሕንፃ ላይ ሠራተኞች አዲሱን ፎቅ ለማቆም ብሎኬት ያወጣሉ፤ የታችኛው ቧንቧ አሁንም መንገዱ ላይ ይፈሳል። ይጨምሩ። እኛ ቤታችን ውስጥ ነን። የጌሙ ወደፊት ምን ይሆን እያሉ የሚያለቅሱ ካሉ ወደ ማዓላ ብቅ ይበሉ፤ ጠመኔ አለን፣ ቁልፍም ሞልቷል።

ከኋላዬ ቁልፎቹ ጨርቁ ላይ ሲንሸራተቱ ይሰማኛል። ወጣቱ ወደቤን ሲይዝ እልል አለ። ልጄ ከተራራው ስትወርድ ሐጂ «ማሻአላህ፣ ርኅራኄ የላትም!» ብሎ ጮኸ። መንግሥቴ እየነደደ ነው።

አንገቴን አላዞርኩም።