ደወሏ ከክፍሏ የወጣች ዕለት

የመናኸሪያው ሰው ሁሉ «ደወሏ» ነበር የሚላት። አውቶቡስ ሲነሳ፣ ሲገባ፣ ሲዘገይ፣ ልጅ ሲጠፋ፣ ቦርሳ ሲረሳ በድምፅ ማጉያው የምትናገረው እሷ ናት። እኔ ትኬት የምቆርጠው ከክፍሏ አጠገብ ስለሆነ ድምጿን ከማንም በላይ ሰምቼዋለሁ፤ ግን እኔም አልጠግበውም። ወፍራም ነው፣ ረጋ ያለ ነው፣ የሚያዝም የሚያባብልም ነው። «ክቡራን መንገደኞቻችን» ስትል የሚጨቃጨቁ ባልና ሚስት እንኳ ጭቅጭቃቸውን ለአፍታ ይገቱታል።

ይህን ድምፅ የሰማ ሁሉ በልቡ አንዲት ግዙፍ ሴት ይስላል፤ ቁመቷ የዘለገ፣ ደረቷ የሰፋ፣ በር ላይ ስትቆም በሩን የምትሞላ። እውነተኛዋ ደወል ግን ትከሻዬ ላይ አትደርስም። ወንበሯ ላይ ትራስ ካልደረበች ማይክራፎኑ ከግንባሯ ጋር ነው የሚገጥመው። ሰው ፊት መቆም ደግሞ ሞቷ ነው። ሦስት ሰው ካያት ምላሷ ይተሳሰራል፤ ክፍሏ መስኮት የሌላት በመሆኗ ሌላው ቢያማርርላትም እሷ ደስተኛ ናት።

ሥራውን ያገኘችው በአጋጣሚ ነው። በፊት መናኸሪያው ውስጥ ጽዳት ነበረች። አንድ ጠዋት የዚያን ጊዜው አስተዋዋቂ ጉንፋን ይዞት ሲያስነጥስ ሲያስነጥስ፣ የስምሪት ኃላፊው መጥረጊያ ይዛ የምታልፈውን ሴት ጠርቶ «እስቲ ይቺን አንብቢልኝ» አላት። አነበበች። በቃ፣ ሰውዬው ከጉንፋኑ ሲድን ሻንጣ ክፍል ተዛውሮ ሚዛን ላይ ተቀመጠ። እሷን ግን ለዚያች ቀን ይቅር ብሏት አያውቅም።

ደወሏን ከክፍሏ ያስወጣት ማዕበል የመጣው አንድ ጠዋት ነው። ሰማዩ ጠቆረና ነፋሱ ተነሳ። መጀመሪያ የማስታወቂያ ሰሌዳውን ገነጠለ። ቀጥሎ የሻይ ቤቱን ትልቅ ጃንጥላ ከነእግሩ ነቅሎ አንድ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ሰካው። ከዚያ በረዶ፣ ከዚያ ዝናብ፣ ዝናብ ሳይሆን ሰማይ የተቀደደ ነው የሚመስለው። ሹፌሮች ከየመንገዱ ስልክ መደወል ጀመሩ፤ በአንዱ በኩል ወንዙ ሞልቶ ድልድዩን ውጦታል፣ በሌላው በኩል ግንደ ትልቅ ዛፍ አስፋልቱ ላይ ተጋድሟል።

የስምሪት ኃላፊው ላቡን እየጠረገ ወደ ደወሏ ክፍል ገባ።

«በይ፣ ጉዞው በሙሉ ተሰርዟል ብለሽ ተናገሪ።»

ማይክራፎኑን ሳብ አድርጋ «ክቡራን መንገ...» ከማለቷ መብራት ድርግም አለ።

አዳራሹ ውስጥ የተሰማው ይኸው ብቻ ነው፤ «ክቡራን መንገ»። ከዚያ አንዱ ከወደ ጥግ «መንገድ ተከፈተ ልትል ነበር!» ብሎ ጮኸ። ሌላ የሚያጣራ ሰው አልተገኘም። ያ ሁሉ ሕዝብ ሻንጣውን፣ ፍራሹን፣ ልጁን ተሸክሞ ወደ መሳፈሪያው ተመመ። አውቶቡስ የለም። ዝናቡ ግን በሰዓቱ ደርሶ ተቀበላቸው። ሲመለሱ አንድም ደረቅ ሰው አልነበረም፤ የሚቆጡትን ፍለጋም ዓይናቸው ይንከራተት ነበር።

ያገኙት የስምሪት ኃላፊውን ነው። አግዳሚ ወንበር ላይ ወጥቶ «ወገኖቼ፣ ዛሬ መኪና የለም» ሲል ጩኸቱ ቀለጠ።

«አንተን አናምንም! ያለፈው ጊዜ አሁን ይደርሳል እያልክ አስመሽተኸናል!»

«ሴትዮዋ ትንገረን! እሷ ዋሽታን አታውቅም!»

ኃላፊው ወርዶ ደወሏን በክንዷ ጎትቶ አወጣት። እንድትታይ ብሎ ከፍ ያለ ነገር ሲፈልግ ያገኘው የሻንጣውን ሚዛን ነበርና እሱ ላይ አቆማት። ይሄኔ ዕድሜ ልኩን አጋጣሚ ሲጠብቅ የኖረው የድሮው አስተዋዋቂ ጎንበስ ብሎ አነበበ።

«አርባ አራት ኪሎ፤ ከነጫማዋ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ደወሏ ፊቷ ፍም መሰለ። አፏን ስትከፍት የወጣው ድምፅ የጫጩት ነው። «ጤና... ይስጥልኝ...»

ከፊት የቆመው ቦርጫም የእህል ነጋዴ እያዘነላት ራሱን ነቀነቀ። በዚህ መስመር ሲመላለስ ዓመታት ያስቆጠረ ደንበኛችን ነው።

«የኔ ልጅ፣ አታታልዪን እንጂ። እኔ እኮ ያቺን ሴትዮ በድምጿ አውቃታለሁ። አንቺ ብትደርሺ ጉልበቷ ላይ ነው።»

ምን እንደነካት እንጃ፤ ንዴት ይመስለኛል። ከሚዛኑ ዘላ ወረደች፣ ክፍሏ ገባች፣ በሩን ድው አድርጋ ዘጋች። ኃላፊው «አለቀልኝ» ሲል ሰምቼዋለሁ። ወዲያው ከበሩ ጀርባ፣ ያለ ማይክራፎን፣ ያለ መብራት፣ ያ ድምፅ መጣ።

«ክቡራን መንገደኞቻችን!»

አዳራሹ ጸጥ እረጭ አለ።

«ድልድዩን ውሃ ሸፍኖታል። በላይኛው መንገድ ዛፍ ወድቋል። ዛሬ አንድም አውቶቡስ አይነሳም። ሕፃን የያዛችሁ ወደ ትኬት ክፍል ግቡ፣ እዚያ ይሞቃል። ጎልማሶች አግዳሚውን ለአረጋውያን ልቀቁ። መልካም ቆይታ።»

ነጋዴው ባርኔጣውን አወለቀ። «ይኸው መጣች! እሷ ናት!» ሰው አጨበጨበ። የገረመኝ ነገር፣ እኔን ለስንት ሰዓት ሲሰድበኝ የዋለው ሕዝብ የተባለውን አንድ በአንድ ፈጸመ። ከዚያ ደግሞ በሩ ፊት ተሰለፉ። ተራ በተራ ለተዘጋ በር ጥያቄ ያቀርባሉ፣ በሩም በትሕትና ይመልሳል። የነጋዴው ተራ ሲደርስ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እመቤቴ፣ ድፍረት አይሁንብኝና... ባለትዳር ነሽ?»

በሩም ጉሮሮውን ጠረገ።

«ክቡር መንገደኛችን፣ ባለቤቴ ብየዳ ሠራተኛ ነው። ክንዱ የእርስዎን ወገብ ያህላል።»

ሰው በሳቅ ሆዱን ያዘ። አመሻሹ ላይ ባልየው የተገለበጠ ጃንጥላና በላስቲክ የተጠቀለለ ደረቅ ጫማ ይዞ ብቅ አለ። ሰውነቱ እንደ ጭራሮ ነው። ነጋዴው ከላይ እስከ ታች አየውና «ክንድህን ዝናብ ወሰደብህ እንዴ ወንድሜ?» አለው። ባልየው ነገሩ ባይገባውም «አዎ፣ ኃይለኛ ነው» ብሎ መለሰ።

እኛ ስንስቅ አንዲት ትንሽ ልጅ ከእናቷ ተለይታ ማልቀስ ጀመረች። ጨለም እያለ ነው፣ ነጎድጓዱ ጣሪያውን ይደበድበዋል፤ ልጅቷ በፍርሃት ስሟን እንኳ መናገር አቅቷታል። የክፍሉ በር ተከፈተ። ደወሏ ወጥታ መሬት ላይ ቁጭ አለችና ልጅቷን ጭኗ ላይ አደረገቻት። እዚያው፣ ያ ሁሉ ሰው እያያት፣ ድምጿን ለቀቀችው።

«ቀይ ሹራብ የለበሰች፣ የፊት ጥርሷ የወለቀ ቆንጆ ልጅ እኔ ጋ ናት። እናት ሆይ፣ ቀስ ብለሽ ነይ፣ እንዳትወድቂ።»

እናትየው እያለቀሰች እየተጋፋች ደረሰች። ደወሏ ቀና ስትል አዳራሹ በሙሉ አፍጥጦ ያያታል። ሰው ፊት መናገሯ ትዝ ያላት ያኔ ነው መሰለኝ፣ ክፍሏን በዓይኗ ፈለገች። ግን አልገባችም። ነጋዴው ወደ እሷ ጠጋ ብሎ፣ «ይቅርታ አድርጊልኝ። ይሄ ሁሉ ድምፅ የት ነው የሚቀመጠው ብዬ ነው እንጂ» አላት።

«ትራስ ላይ» አለችው።

በማግስቱ ዛፉ ተነስቶ፣ ውሃው ጎድሎ መንገድ ተከፈተ። ደወሏ ግን ድምጿ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል፤ ትንፋሽ እንጂ ቃል አይወጣትም። የስምሪት ኃላፊው «ታዲያ ይሄ ምን ሥራ ነው?» ብሎ ማይክራፎኑን ራሱ ያዘ። ከጭንቀቱ የተነሳ የሰሜኑን መስመር በምሥራቁ በር፣ የምሥራቁን በሰሜኑ አስተዋወቀ። ሰውም ለመሳፈር ከመጣደፉ የተነሳ ማን አስተዋለ?

ከሰዓት በኋላ ቢሮው ስልክ ተደወለ፤ እኔ ነኝ ያነሳሁት። ነጋዴው ነበር። አክስቱ ቤት ሊሄድ የተሳፈረ ሰው በሕይወቱ አይቷት የማያውቃት ከተማ ገብቶ ቆሟል።

«ኃላፊውን ላገናኝዎት?» አልኩት።

«ኧረ በፈጣሪ! እሱን ተወኝ» አለ። «እሷ ሲሻላት ደውሉልኝ። እስከዚያ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።»

ደወሏ አጠገቤ አንገቷን በሻርፕ ጠቅልላ ሙቅ ውሃ ትጠጣ ነበር። የተባለውን ስነግራት ብርጭቆውን አስቀመጠች፤ ድምፅ ስለሌላት ትከሻዋ ብቻ እየተንቀጠቀጠ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።