ጠራዥዋና የአስራ አንዱ ሙያ ባለቤት

ከዩኒቨርሲቲው የኋላ በር ትይዩ ባለች ሁለት ክፍል የመጽሐፍ መጠረዣ ቤት ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራች ሴት ነበረች። ሰፈሩ «ሙጫ» ይላታል። ስሙ የወጣላት ጣቶቿ ላይ ነጭ ሙጫ ስለማይጠፋ ነው፤ አንድ ነገር ከያዘች ስለማትለቅም ጭምር። ቤቱን አባታቸው ሲሞቱ ከታናሽ ወንድሟ ጋር ወረሱት። እሱ የወረቀት መቁረጫ ማሽኑንና ደንበኛውን ይይዛል፤ እሷ መርፌውን፣ ክሩንና ሙጫውን።

ትምህርቷ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም። ነገር ግን ሙጫ ለመድረቅ ሃያ ደቂቃ ይፈልጋል፤ ሃያ ደቂቃ እጅ አጣምሮ መቀመጥ ደግሞ ለእሷ አይሆንላትም። ስለዚህ ታነባለች። ተመራቂዎች የሚያመጡት ጥናት መልኩ ብዙ ነው። ጠዋት ድንች በጎተራ ውስጥ ለምን እንደሚበሰብስ፣ ከሰዓት በኋላ የተከራይና የአከራይ ክርክር ቀጠሮው ለምን እንደሚንዛዛ፣ በማግስቱ የውሃ ታንከር ሲሚንቶ ለምን እንደሚሰነጠቅ፣ ቀጥሎ ደግሞ የእናቶች እሹሩሩ። መጀመሪያ ላይ ግራ ይገባት ነበር። እያደር ግን ሁሉም ጭንቅላቷ ውስጥ ተጎራብተው መኖር ጀመሩ። አንድ ቀን የጎረቤቷ ታንከር ሲያፈስ አየችና «ሲሚንቶውን ውሃ ሳታጠጣው በፀሐይ አድርቀኸው ነው» አለችው። ሰውዬው አላመናትም፤ መሐንዲስ አስመጥቶ ቢጠይቅ ያንኑ ነገረው። ወንድሟ «እህቴ ያለ ጋዋን የተመረቀች ናት» እያለ ይቀልድባታል።

የምትወደው ነገር አንድ ነበር፤ በእያንዳንዱ ጥራዝ ውስጥ ማንም ከቁብ ያልቆጠረውን ነገር በእግሩ ሄዶ፣ ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው አለ። ዶክተሮቹ ይህን አያውቁም። የአፈሩ ምሁር የሕጉን ጥናት አይገልጥም፤ የሕጉ ምሁር የሕክምናውን አያይም። ሁሉንም ያነበበ ሰው ቢፈለግ በዚያ አካባቢ ከሙጫ በቀር አይገኝም ነበር።

አንድ ሰኞ ጠዋት የምርምር ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ወረቀት ተሸክሞ መጣ። ተማሪ ሁሉ ጥናቱን ሲጨርስ አንድ ቅጂ በፍላሽ የሚያስረክበው ለእሱ ቢሮ ነው። ሰውዬው አለባበሱ ያማረ ነው፤ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ይገባል። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈና አውራ ጣቱን በምላሱ እያራሰ ይገልጥላቸው ጀመር። በነካው ገጽ ሁሉ ጥግ ላይ እርጥብ ክብ ምልክት ይቀራል። ሙጫ ቀፈፋት፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«አስራ አንድ ጥናት ነው» አለ ሰውዬው። «እርሻ አለ፣ ሕክምና አለ፣ ሕግ፣ ምህንድስና፣ ቋንቋ… በአስራ አንድ ሙያ የጻፈ ሰው በዚህ ግቢ ከእኔ ሌላ የለም። ለፕሮፌሰርነት ማዕረግ የሚቀርብ ስለሆነ በቆዳ ይሁን። ስሜን በወርቅማ ፊደል፣ ጎላ አድርጋችሁ።»

«ምን ችግር አለ ዶክተር!» አለ ወንድሟ እጁን እያፍተለተለ። «በሁለት ሳምንት ውስጥ ይደርሳል።»

በማግስቱ ሙጫ ገጾቹን በቅደም ተከተል ልታሰናዳ ተቀመጠች። እንደ ልማዷ እያነበበች ነው። ሦስተኛው ጥናት ስለ ድንች ነበር። ሰንጠረዥ ሰባት ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። የበሰበሰው ጆንያ ድምር «219» ይላል።

ይህን ቁጥር ታውቀዋለች። ከስድስት ዓመት በፊት ጫማዋ ጭቃ የለበሰ አንዲት ተማሪ አርባ ሁለት ጎተራ አስራ አራት ወር ተመላልሳ የጻፈችውን ጥናት አስጠርዛ፣ በሦስተኛው ቀን እያለቀሰች ተመልሳ ነበር። ቁጥሩን ገልብጣ ጽፋዋለች፤ ትክክለኛው ድምር 291 ነው። ሙጫ ያንን ገጽ በምላጭ ቆርጣ፣ ቀጭን የወረቀት ጠርዝ አስቀርታ፣ የተስተካከለውን ገጽ በእሱ ላይ ለጥፋላታለች። ፍላሹ ላይ ሳይታረም የቀረው የልጅቷ ስህተት አሁን በሰውዬው ስም፣ በሰውዬው ጥናት ውስጥ ቁጭ ብሏል።

የቀረውን እየገለጠች አነበበች። የታንከሩን ሲሚንቶ አወቀችው። የተከራዮቹን ክርክር አወቀችው። የእሹሩሩው ጥናት ላይ «ይህን ዜማ ስመዘግብ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ» የሚል ዓረፍተ ነገር እንዳለ ቀርቷል። ሙጫ ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ግን ተነስታ እጇን በሳሙና ታጠበች፤ ቆየት ብላ እንደገና ታጠበች። የተሰረቀ ነገር ብቻ ቢሆን ይሻል ነበር። ሰውዬው የሰረቀውን እንኳ አላነበበውም።

«ይህን አልጠርዝም» አለችው ወንድሟን።

«ምን ማለትሽ ነው እታለም?»

ነገረችው። ወንድሟ ማሽኑን አጠፋና አጠገቧ ተቀመጠ። «እኛ ጠራዦች ነን። የውስጡ ምን አገባን? ሥራችን ሁሉ ከዚያ ግቢ ነው የሚመጣው። ሰውዬው አንድ ቃል ከተነፈሰ በራችንን ዘግተን እንገባለን።»

«እንዘጋለና። የሰው ትፋት በቆዳ ጠቅልዬ ወርቅ አልቀባም።»

«አንቺ ደግሞ አፍሽ!» አለ፤ ግን አልሳቀም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲው መጻሕፍት ቤት ምድር ቤት ወረደች። የመመረቂያ ጽሑፎች እዚያ አቧራ ለብሰው ይደረደራሉ፤ አብዛኞቹ ጀርባቸው የእሷ ስፌት ነው። ከአስራ አንዱ ዘጠኙን በዓይኗ ለየቻቸው። የቀሩት ሁለቱ ከሌላ ቦታ የተዘረፉ መሆን አለባቸው፤ የማን እንደሆኑ ማወቅ አልቻለችም።

ከዘጠኙ ባለቤቶች አንዷ በቅርብ ትገኝ ነበር፤ ማዶ ያለው ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት። የስኳር ሕመምተኞች የእግር ቁስል ላይ ነበር ጥናቷ። ሙጫ ወረቀቱን ይዛ ሄደች። ነርሷ የፋሻ ሳጥን ላይ ተቀምጣ አነበበች። ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ስልሳ ሦስት ሰው ነው ያከምኩት። እዚህ መቶ ስልሳ ሦስት ይላል።»

«አይቻለሁ።»

«መቶ ሰው ከየት አመጣ? መቶ ቁስል እግር ዝም ብሎ ጽፎ?» ገጹን ገለጠች። «ሕመምተኛ ቁጥር ሃያ ሰባት ይኸውና። ይህ ሰውዬ ቁስሉን ከሚስቱ በካልሲ ውስጥ ሲደብቅ ነበር። ሽታውን እስካሁን አልረሳሁትም፤ በእጄ ነው ያጠብኩት። ሞቷል፤ ቀብሩ ላይ ቆሜያለሁ። ይህ ሌባ ደግሞ ግራውን እግር ቀኝ አድርጎታል፤ እንዳይታወቅበት መሆኑ ነው።» ወረቀቱን እንደ ቆሸሸ ፋሻ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ መለሰችላት። «ቀፋፊ!»

ነርሷ ለዩኒቨርሲቲው አቤቱታ ጻፈች፤ ሙጫ በምስክርነት ፈረመች። ድንቹን ያጠናችውን ልጅ በስልክ አገኟት፤ አሁን የሩቅ ከተማ መምህርት ናት። «ይውሰደው፤ እኔ እንደሆነ ከዚያ ሕይወት ወጥቻለሁ» አለችና ዘጋች። ሙጫን ከስርቆቱ ይልቅ ይህ አሳመማት።

ከወር በኋላ የዩኒቨርሲቲው አጣሪ ኮሚቴ ጠራቸው። ከአምስት ሙያ የተውጣጡ አምስት ምሁራን ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል፤ ሰውዬውም እግሩን አጣምሮ አለ።

«እርስዎ የትኛው ትምህርት ክፍል ነዎት?» አሉ ሰብሳቢው።

«ጠራዥ ነኝ።»

አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ሙጫ ግን የሰውዬውንና ከመጻሕፍት ቤቱ የመጣውን የልጅቷን የድንች ሰንጠረዥ ጎን ለጎን አስቀመጠችና «እባክዎ ይደምሩት» አለች። ሰብሳቢው በእስክሪብቶ ደመሩ፤ 291 መጣ። እሷ በልጅቷ ጥራዝ ውስጥ ምላጩ ያስቀረውን የገጽ ጠርዝ አሳየቻቸው። ነርሷም ከሕክምና መዝገቡ የስልሳ ሦስቱን ሕመምተኞች ዝርዝር አቀረበች። ቀጥላ ሙጫ «ነፍሰ ጡር ነበርኩ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበችላቸው። 

«የረዳቴ ቃል ነው» አለ ሰውዬው ምንም ሳይደነግጥ። «የጥቅስ ምልክቱ በሕትመት ጊዜ ወድቆ ነው።»

«ሊሆን ይችላል» አሉ አንዱ። ሌላው «እኔ መስኬ አፈር ነው፤ ስለ ድንች አስተያየት መስጠት ይከብደኛል» አሉ። የሕጉ ምሁር የሕጉን ጥናት ብቻ እንዳዩና ጥሩ እንዳገኙት ተናገሩ፤ የዚያ የተከራዮች ጥናት ባለቤት ስላልከሰሰ እሱን ማንሳት አግባብ አይደለም አሉ። እያንዳንዱ የራሱን አጥር ብቻ እያየ ቀጠለ። ሙጫ ያ የሰውዬው ምራቅ የነካው ገጽ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አየች። ማንም አልጠየፈውም። 

ውሳኔው በሁለት ወሩ መጣ። የነርሷ ጥናት ከስብስቡ ይውጣ፣ ስሟም ይመለስላት፤ የድንቹ «በሕትመት ስህተት ምክንያት» ይነሳ፤ ሰውዬው በቃል ይመከር። በዓመቱ በዘጠኝ ሙያ ፕሮፌሰር ተባለ። እሹሩሩውም አብሮት አለፈ፤ ነፍሰ ጡሯ ብቻ ተሰርዛለች። መጽሐፉን ሌላ ቤት ጠረዙለት።

ሹክሹክታ ሳያስፈልግ ከግቢው የሚመጣው ሥራ በግማሽ ቀነሰ። ወንድሟ ለሦስት ሳምንት ከሰላምታ በቀር አላናገራትም። ከዚያ አንድ ቀን የሠርግ ጥሪ ወረቀት ማጠፊያ መሣሪያ ይዞ ገባ። «ይኸው፤ ሠርግ የሚሰርቅ ምሁር እስኪመጣ በዚህ እንኖራለን» አላት። ሳቁ።

ሙጫ ዛሬም ታነባለች፤ ግን እንደ ድሮው አይጣፍጣትም። ተማሪ ጥናት ሲያመጣ ዓይን ዓይኑን እያየች «አንተ ራስህ ሄደህ አይተኸዋል?» ትላለች። አንዳንዱ ይኮሳተራል። አንዳንዱ ይቆጣል፤ «የምን ፈተና ነው?» ይላታል። በቀደም አንዱ ደግሞ ሳያፍር «ፕሮፌሰሩ በዘጠኝ ሙያ የጻፈው ሁሉንም ሄዶ አይቶ ነው እንዴ?» ሲል መለሰላት። ወረቀቱን መልሳ እጁ ላይ አስቀመጠችለትና በሩን አሳየችው።