ትርንጎና የሜዳው ጆንያዎች

ቦንጋ ላይ ዝናብ ወቅት አይጠብቅም። ክረምቱ ወጣ ሲባል ጥቅምት ላይ ይመጣል፤ ጥቅምት አለፈ ሲባል ደግሞ ኅዳር ላይ ዕቃ ረስቶ እንደሄደ እንግዳ ተመልሶ ደጅ ያንኳኳል። የቅርጫት ኳስ ሜዳው ጣራ የለውም። ሲሚንቶው መሀሉ ጎድጎድ ስላለ ትንሽ ካካፋ ውሃ ያቁራል። ስለዚህ እዚህ ከተማ የቅርጫት ኳስ ደጋፊ መሆን ማለት ማጨብጨብ ብቻ አይደለም። ከጨዋታው በፊት በርከክ ብሎ ሜዳ ማድረቅም አለ።

ይህን ያስጀመረችው ትርንጎ ናት። ትርንጎ በጋሽ አብዱልቃድር የቡና መጋዘን ውስጥ የተቀደደ ጆንያ ትሰፋለች። መርፌ የማያድነውን አሮጌውን ጆንያ ወደ ቤቷ ትወስድና ታጥበዋለች፤ ሁለት ሁለቱን ደርባ በሲባጎ ጠቅጥቃ ትሰፋና መያዣ ታበጅለታለች። ጨዋታ ሲኖር ለደጋፊው ታድላለች። ደጋፊው ከአንዱ ቅርጫት ሥር ተሰልፎ እስከ ሌላው ድረስ እየጎተተ ውሃውን ይመጥጣል። የጎረቤቷ ከተማ የዋጫ ሰዎች ይህን አይተው ለስድብ «ጆንያዎቹ» አሏቸው፤ የቦንጋ ደጋፊዎች ስሙን ወደዱትና ያዙት።

ትርንጎ ራሷ ተማሪ ሳለች ኳስ ትወድ ነበር፤ ቁመቷ ግን እምቢ አላት። ያልረዘመችውን ያህል ጮኸች እንጂ። ከሜዳው ዳር የሷ ድምፅ ከዳኛው ፊሽካ ይበልጥ ነበር።

ታዲያ የዛሬ ሁለት ዓመት ነገሩ ሁሉ ተበላሸ።

በዚያን ጊዜ የቦንጋ ዓይን የሺሺንዳው ልጅ ፍቅሩ ነበር። ኳስ ይዞ ሲነሳ ከተማው አብሮት ከመቀመጫው ይነሳል። አሰልጣኙ ደግሞ መምህር ሐዲስ ናቸው፤ ጭምት፣ ሲቆጡ እንኳ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው። አንድ ሕግ አላቸው፦ ሐሙስ ከልምምድ የቀረ እሑድ ጨዋታ አይጀምርም። ከዋጫ ጋር የፍጻሜው ጨዋታ ሊደረግ በነበረበት ሳምንት ፍቅሩ አባቱን ቡና ሊያግዝ ሺሺንዳ ሄዶ ሐሙስን ቀረ። መምህር ሐዲስም ፍጻሜ ነው አላሉ፣ ዋጫ ነው አላሉ፣ እሑድ ዕለት ከተቀያሪዎቹ ወንበር ላይ አስቀመጡት።

ሕዝቡ «ፍቅሩ! ፍቅሩ!» እያለ ጉሮሮው ደረቀ። ሦስተኛው ሩብ ላይ መምህር ሐዲስ ጎንበስ ብለው በልጁ ጆሮ አንድ ነገር ተናገሩ። ፍቅሩ ብድግ አለ፣ ማሊያውን አወለቀ፣ እግራቸው ሥር ወርውሮ በበሩ ወጣ። ቦንጋ በአንድ ቅርጫት ተሸነፈ። ብዙም ሳይቆይ ልጁ ጅማ ገባ ተባለ።

በጆሮው ምን አሉት? ከተማው መልሱን ለመፈልሰፍ ብዙ አልደከመም። አንዱ «የቡና ለቃሚ ልጅ» አሉት አለ። ሌላው አባቱን ሰደቡት አለ። ሰኞ ጠዋት ላይ አባቱ ብቻ ሳይሆኑ አያቱም ተሰድበው አድረው ነበር።

ትርንጎ በዚያው ሰኞ ጆንያዎቿን ሰብስባ መምህር ሐዲስን «ከእንግዲህ ሜዳዎን ራስዎ ያድርቁ!» ብላቸው ሄደች። ደጋፊውም ተከተላት። ድሮ «ጋሼ» ትላቸው የነበሩትን ሰው ከዚያ ወዲህ «መምህር» ብቻ አለቻቸው፤ እሱንም ፊት ለፊት ከተገጣጠሙ ነው። ጠዋት ወደ መጋዘን ስትሄድ ታያቸዋለች፤ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ውሃውን ብቻቸውን በመጥረጊያ ይገፋሉ። እርምጃዋ ትንሽ ቀዝቀዝ ይላል። እግሯ ግን አይቆምም።

ጋሽ አብዱልቃድር ነገሩን አንስተው ሳይጥሉ የሚውሉበት ቀን የለም።

«አንቺ ሴትዮ፣ ላም እንኳ ያመነዠገችውን በመጨረሻ ትውጠዋለች።»

«እኔ አልውጥም፣ ጋሽ አብዱልቃድር። ልጁን አሳጡን።»

«ልጁ እኮ ማሊያ ወረወረ። አንቺ ይሄን የጆንያ መርፌ ብትወረውሪብኝ ምን ልልሽ ነው?»

«አባቴን ከሰደቡማ እወረውረዋለሁ!»

«አላህ ይጠብቀኝ! አባትሽን ምን ቆርጦኝ!» ይሉና ሁለቱም ይስቃሉ። ትርንጎ ግን ሳቋን ስትጨርስ ቂሟን መልሳ ካስቀመጠችበት ታነሳለች።

ዘንድሮ ታዲያ ቂሙ ከቤቷ ገባ። ልጇ ትሕትና ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እናቷን እምቢ ያላት ቁመት ለሷ ሳትጠይቀው መጥቶላታል። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥታ ደብተሯን ሳታስቀምጥ፣

«እማዬ፣ መምህር ሐዲስ የሴቶች ቡድን አቋቋሙ። እኔንም መረጡኝ» አለች።

ትርንጎ ሽንኩርት እየላጠች ነበርና ዕንባዋ የምን እንደሆነ አልታወቀም። «ተጫወቺ» አለች በመጨረሻ። «እኔን ግን ሜዳ አትጠብቂኝ።»

የመጀመሪያው ጨዋታ ከዋጫ ሴቶች ጋር ሆነ፤ ቦንጋ ላይ፣ ኅዳር ውስጥ፣ በእሑድ። በዚያው ሳምንት ሐሙስ መጋዘኑ የሚጫን ቡና ሞልቶት የጭነት መኪኖቹ ደጅ ተሰልፈው ነበር። ቀዳዳ ያለው ጆንያ ተቆልሏል። ትርንጎ ልጇን ጠራቻት።

«ዛሬ ልምምድ የለም። መጥተሽ አብረሽኝ ትሰፊያለሽ።»

«እማዬ፣ ሐሙስ ነው እኮ!»

«ይሁና! የጭነት ቀን አይደል? ከአንቺ የሚበልጥ ማን አላቸውና ነው የሚያስቀምጡሽ?»

ትሕትና ደብተሯን አስቀምጣ መጋዘን ገባች። ቁጭ ብላ ሲባጎውን በመርፌው ቀዳዳ አስገባች፤ እስኪመሽም ቀና አላለችም።

እሑድ ሊነጋጋ ሲል ዝናቡ ቆርቆሮውን ደበደበው። ሲያባራ ትሕትና የፊት ፎጣዋን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት እናቷ አየቻት።

«ፎጣው ለምንሽ ነው?»

«ሜዳውን ላደርቅበት። ሁላችንም ከየቤታችን እንድናመጣ ተባብለናል። ካልደረቀ ዳኛው አያጫውቱንም። ጨዋታው ለዋጫ ይሰጣል።»

«ያን ሁሉ ሜዳ በፊት ፎጣ?»

«ታዲያ በምን ይሁን?»

ልጅቷ ወደ አልጋው ሥር አላየችም። ባታይም እዚያ ምን ተጠቅልሎ እንደተቀመጠ ሁለቱም ያውቃሉ። ትሕትና «ደህና ዋይ» ብላ ወጣች። ትርንጎ የተዘጋውን በር ትንሽ አየችው። ከዚያ ተንበረከከችና ጆንያዎቹን ጎተተቻቸው። አይጥ አንዱን ጥግ በልታዋለች እንጂ ሌላው ደህና ነው።

ጆንያ ተሸክማ ስትወርድ መንገድ ላይ ያያት ደጋፊ ሁሉ ምንም ሳይጠይቅ ተከተላት። ሜዳው ጋ ሲደርሱ ልጃገረዶቹ በፎጣ ይዳክራሉ፤ መምህር ሐዲስ በመጥረጊያ ውሃ ይገፋሉ። ከዋጫ የመጡት ደጋፊዎች ተንጫጩ።

«ጆንያዎቹ መጡ! ቡና ልትጭኑ ነው ወይስ ልትጫወቱ?»

«እናንተን ጭነን ልንሸኝ ነው!» አለች ትርንጎ። ከሁለት ዓመት በኋላ ድምፅዋ ትንሽ ዝጓል እንጂ አልጠፋም።

መምህር ሐዲስ መጥረጊያቸውን እንደያዙ ቆሙ። «ትርንጎ» አሉ።

«መምህር» አለች። ጆንያ ታደለ፣ ሰልፍ ተያዘ፣ ሜዳው ደረቀ።

ዳኛው ሜዳውን በጫማቸው እየፈተጉ ዞሩና ይሆናል ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ተሰላፊዎች ተጠሩ። የትሕትና ስም አልተጠራም።

ትርንጎ ያልሰማች መስሏት ጆሮዋን አቀናች። አይደለም፤ ልጇ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ መሬት መሬት ታያለች። ፍቅሩ በተቀመጠበት በዚያው ወንበር ላይ።

«አዩልኝ?» አለች አጠገቧ ወደ ቆሙት ጋሽ አብዱልቃድር ዞራ። «አዩልኝ ይሄን ሰው?»

እሳቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሐሙስ እኮ… እኛ ጋ ነበረች።»

ነገሩ እውነት መሆኑ ትርንጎን የባሰ አናደዳት። ጨዋታው ተጀምሮ ቦንጋዎች ተመሩ። እረፍት ሲሆን ሰማዩ ሥራውን እንዳልጨረሰ ሁሉ ካፊያ ጣለ፤ ሜዳው እንደገና ማብረቅረቅ ጀመረ። ትርንጎ ብድግ አለች።

«ጆንያዬን አምጡ! ልጄን አስቀምጠው በኔ ጆንያ አይጫወቱም!»

አንድ ሁለቱን ጠቅልላ ብብቷ ሥር ከታለች። ከማዶ ትሕትና እናቷን ታያለች፤ በእጇ የማሊያዋን ጫፍ ጨብጣለች። ትርንጎ ያንን እጅ አየችው። እሷ በዚያ በር ከወጣች ልጇም ማሊያውን አውልቃ እንደምትከተላት በደንብ ገባት። ገባት፤ ግን ንዴቷ ገና አልበረደም፤ ጆንያም መጠቅለሏን አላቆመችም።

«እትዬ ትርንጎ፣ የት ሊሄዱ ነው?»

ቀና ስትል ከሕዝቡ ሁሉ በላይ አንድ ጭንቅላት አየች። ፍቅሩ!

«አንተ ልጅ! መቼ መጣህ?»

«ለለቀማ ነው። አባቴን ላግዝ።»

«እሰይ፣ ያንተ መምጣት! ይኸው፣ አንተን ያደረጉህን ዛሬ ልጄን አደረጓት!»

«እኔን ምን አደረጉኝ?»

«አባትህን ሰድበውብህ የለም እንዴ?»

ፍቅሩ ሊስቅ ብሎ ፊቷን ሲያይ ተወው። «ማን ነው እንዲህ ያለው? ‹በል ግባና አሳያቸው› ነው እኮ ያሉኝ። እኔ ነኝ ‹አሁን ገና ነው የታየሁዎ?› ብዬ ማሊያውን የወረወርኩት። ትንሽ ቆይተው ጅማ ድረስ መጡ፤ ከምጫወትበት ቡድን ጋርም ያገናኙኝ እሳቸው ናቸው። ከታረቅን እኮ ቆየን።»

«ታርቃችኋል?»

«በዚያው ዓመት! እኔ ለማንም አላወራሁም፤ ማሊያ መወርወሬ ያሳፍረኝ ነበር። እናንተ ግን እስካሁን…?»

እስካሁን። ትርንጎ ብብቷ ሥር ያለውን ጆንያ አየችው። ባለ ጉዳዮቹ ታርቀው የየራሳቸውን ኑሮ ሲኖሩ፣ እሷ የሰው ጠብ ተሸክማ ሁለት ዓመት ዞራለች። እንዲያውም መሳቅ አማራት። ከወዲያ መምህር ሐዲስ መጥረጊያቸውን አንስተው ውሃውን መግፋት ጀምረዋል፤ ዳኛው ሰዓታቸውን ያያሉ።

«እንካ፣ ያዝ» ብላ አንዱን ጆንያ ለፍቅሩ ወረወረችለት። «ረዥም እጅህን እንጠቀምበት።»

ከመምህር ሐዲስ አጠገብ በርከክ ብላ መጎተት ጀመረች። ደጋፊው ፍቅሩን ሲያይ ጮቤ ረግጦ ገባ። እሳቸው ሳያዩዋት፣ እሷም ሳታያቸው ትንሽ ሄዱ።

«ለምን አልነገሩንም?» አለች።

«ምኑን?»

«‹ግባ› እንዳሉት።»

ሰውየው መጥረጊያቸውን አቆሙ። «ልጅ ነበር። እንዲህ ነው ብዬ ብናገር በኔ ላይ የተነሳችሁት ሁሉ በሱ ላይ ትነሱ ነበር። እኔ እችለዋለሁ፤ እሱ አይችለውም ብዬ ነው።»

ትርንጎ ጆንያዋን ጨምቃ ውሃውን ከመስመር ውጭ አፈሰሰች። «ቢሆንም ቀደም ብለው ማስገባት ነበረብዎ። ያን ጨዋታ ያሸነፉን በርስዎ ነው። ይሄን አልተውም።»

«አትተዪ። ሐሙስ ግን ሐሙስ ነው።»

«እኮ እሱን ልል ነው! በለቀማ ጊዜ ሐሙስ የጭነት ቀን ነው። ሺሺንዳም ያለው ገበሬ ለሐሙስ ጭነት ሲል ረቡዕና ሐሙስ ነው የሚሯሯጠው። ፍቅሩም የቀረው በዚሁ ነው፣ ትሕትናም በዚሁ። እሷን ደግሞ ያስቀረኋት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የሷ አይደለም። ለቀማው እስኪያልፍ ልምምዱን ማክሰኞ ቢያደርጉት ምን ይጎድላል?»

«ሴቶቹ ከመጡ ወዲህ ማክሰኞ ወንዶቹ ናቸው ሜዳው ላይ።»

«ታዲያ ሜዳው ሁለት ቅርጫት አለው አይደል? ሁለቱም ማክሰኞ ይምጡ፤ አንዱ ቅርጫት ለነሱ፣ አንዱ ለነዚህ።»

መምህር ሐዲስ ወደ ሁለቱ ቅርጫቶች ተራ በተራ አዩ። «ይሄን እስከ ዛሬ ማንም አልነገረኝም።»

«ማን ይንገርዎ፣ ጋሼ? ተኳርፈን!»

«ጋሼ» ያለችው አምልጧት ነው። ቃሉን ለመመለስ ግን ጊዜ አልነበረም፤ ዳኛው ፊሽካ ነፉ።

ትሕትና የገባችው አራተኛው ሩብ ሲጀመር ነው፤ እናቷ ስላኮረፈች ወይም ስለታረቀች ቀድማ አልገባችም። ሐሙስ ሐሙስ ነው። ስትገባ ግን ኳሱን ተቀብላ በዋጫዎች መሀል ሰንጥቃ አለፈች፤ ያ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ደርሳ በአንድ እግሯ ዞረች። ሕዝቡ ሁሉ ኳሱን ሲያይ ትርንጎ የልጇን እግር አየች። አልተንሸራተተም።

ጨዋታውን ዋጫዎች አሸነፉ፤ በጥቂት ነጥብ። «ጆንያችሁን ጠቅልላችሁ ግቡ!» እያሉ መኪናቸው ላይ ወጡ። «ቡናው ይለቅማችሁና እንገናኝ!» ብላ መለሰችላቸው ትርንጎ። ምን ማለቷ እንደሆነ ለራሷም አልገባትም፤ የቦንጋ ሰው ግን ሳቀላት።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ጋሽ አብዱልቃድር ወደ መጋዘኑ ጥግ ብቅ ብለው የተቆለለውን ጆንያ አዩ።

«ልጅትየዋ የት አለች? ነገ ሳይሆን ከነገ ወዲያ ጭነት አለብን።»

«ልምምድ ሄደች። ሐሙስ ጠዋት ከዚህ ከኔ ጋር ትሆናለች።»

«ልምምድ ሐሙስ አልነበረም እንዴ?»

«በለቀማ ጊዜ ማክሰኞ ሆኗል» አለች ትርንጎ፤ ሲባጎውን በጥርሷ በጠስ አድርጋ ቀጣዩን ጆንያ ጉልበቷ ላይ ሳበች።